የአባዬ የሽንት ጨርቅ፦ ማያያዣውን እስካገኝ የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት መጨረሻ፦ መነሻው

አባዬ ከስትሮክ በኋላ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ቀን ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ሌሊት በጎን በጎናቸው እያገላበጥን እናስተኛቸዋለን። የሚጣለው ዳይፐር አንዱ 70 ብር ገደማ ነው። በቀን አራትም አምስትም ይሄዳል። በወር ሲደመር ከቤት ኪራያችን በለጠ። ስለዚህ ታጥቦ የሚመለስ ልሰፋ ተነሳሁ።

ጨርቁ ብዙ አላስቸገረኝም። ውስጡ አቡጀዲና አሮጌ ፎጣ ነው። ላዩ ከሰልባጅ የገዛሁት የዝናብ ጃኬት ነው፤ በውስጥ በኩል ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አለው። ልኩን ከሚጣለው ዳይፐር ላይ ወስጄ ካርቶን ላይ ቆረጥኩ። መሃሉ ጠበብ ይላል፣ ፊትና ኋላው ሰፋ ይላል፣ ከኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ ክንፍ አለው። ክንፎቹ ወደ ፊት መጥተው መያያዝ አለባቸው። በምን ይያያዙ? ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ።

ለሕፃን ቢሆን ሁለት መርፌ ቁልፍ ይበቃ ነበር። የአዋቂ ክብደት ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሲገላበጥ ክንፉ ይጎተታል። ጨርቁም ሲርስ ራሱ ይከብዳል። ደግሞ የሚያያይዘው እጅ አንድ አይደለም። ጠዋት እኔ ነኝ። ከሰዓት የወንድሜ ሚስት ትተካኛለች። ሌሊት አክስቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጣታቸውን ቁርጥማት ይዞታል።

ማያያዣው ቆዳ እንዳይቧጭር፣ አጥንት ሥር እንዳይገባ፣ እጥበትና ፀሐይ እንዲችል፣ ሲበላሽ እዚሁ ጅማ መለወጫ እንዲገኝለት እፈልጋለሁ። ብዙ ነው፤ ግን የሚተው አንድም የለበትም።

ሰኔ መጀመሪያ፦ መርፌ ቁልፍ

ቤት ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ ከሱ ጀመርኩ። ትልልቁን፣ ለብርድ ልብስ የሚሆነውን መርጬ ደርዘኑን በ60 ብር ገዛሁ።

መርፌ ቁልፍን በአሁኑ መልኩ የሠራውና የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዋልተር ሀንት የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1849። ብልሃቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ጫፉን የሚሸፍነው ቆብ ነው። ሌላው ከኋላ የተጠቀለለው ሽቦ ነው። የተጠቀለለው ሽቦ እንደ ስፕሪንግ እየገፋ ጫፉን ቆቡ ውስጥ ያቆየዋል። ርካሹ ላይ ቶሎ የሚደክመው ይኸው ስፕሪንግ ነው። ስድስት እጥፍ ጨርቅ ሲበሳ ሽቦው ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ ቢዘጋም ላላ ብሎ ነው። ሱቅ ውስጥ አንዱን ከፍቶ ማየት ጥሩ ነው። ሲለቁት ፈጠን ብሎ የሚነሳው ይሻላል።

ጫፉን ደረቅ ሳሙና ላይ ወጋ ወጋ ማድረግ ረድቷል፤ ጨርቁን ሳይታገል ያልፋል። ሲያያይዙ ሁለት ጣት በጨርቁና በሆድ መካከል ይገባል። መርፌው አግድም ይሆናል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይዞራል። ይህን ለሁሉም አሳየሁ።

ጉዳቱ በሌላ በኩል መጣ። መርፌው ውሃ የማያሳልፈውን ጨርቅ ይበሳዋል። በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከክንፉ ሥር ማንጠባጠብ ጀመረ። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። አክስቴ በስልክ መብራት እየታገሉ አያያዙና ጠዋት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይኼን ነገር በጨለማ ሁለተኛ አልነካውም። በቀኝ በኩል ቢወጋቸው እንኳ አይነግሩንም» አሉኝ።

ልክ ናቸው። አባዬ በቀኝ በኩል ስሜታቸው ደክሟል። ስሜት በደከመበት ገላ አጠገብ የሾለ ነገር መኖር የለበትም። መርፌ ቁልፉን በሙሉ ሰብስቤ ወደ ስፌት ሳጥኔ መለስኩ።

ሰኔ፦ ማሰሪያ

ከአቡጀዲው ላይ ጥብጣብ ቆርጬ በየክንፉ ሁለት ሁለት ማሰሪያ ሰፋሁ። ወጪ የለውም፣ አይዝግም፣ ካውያም ይችላል። ግን የጥጥ ቋጠሮ ሲርስ ይጠብቃል። ሌሊት በእርጥብ ቋጠሮ ላይ ጥፍር መስበር አይቻልም። ቋጠሮው ራሱ እንደ ጠጠር ሆኖ ጎናቸው ላይ ምልክት ተወ። ቶሎ ተውኩት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ወሰንኩ። የትኛውም ማያያዣ ቢሆን ቦታው ጎን ላይ መሆን የለበትም። በጎን ሲተኙ ክብደቱ የሚያርፈው ዳሌ አጥንት ላይ ነው። እዚያ ላይ ጠጣር ነገር ካለ ቆዳው ይቆስላል። ስለዚህ የክንፉን ርዝመት ጨመርኩ። ማያያዣው አሁን ከዳሌ አጥንቱ ሦስት ጣት ያህል ወደ ሆድ ገብቶ ነው የሚያርፈው። በየሁለት ሰዓቱ ስናገላብጣቸው ቆዳውን እናያለን። የቀላ ቦታ ካለ በጣት ጫን እናደርገዋለን። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ቢጫኑትም እንደቀላ ከቀረ ቁስል እየጀመረ ነውና በዚያ ጎን አናስተኛቸውም።

ሰኔ አጋማሽ፦ ቬልክሮ

ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ሁለት ዓይነት ቬልክሮ አገኘሁ። አንዱ ከኋላው ማጣበቂያ ያለው ነው፣ ሌላው የሚሰፋው። ማጣበቂያ ያለውን አትግዙ። ሙጫው የመኪናውን መርፌ ይይዘዋል፣ ክር ይበጥሳል፤ ሲታጠብም ይላጣል። የሚሰፋውን 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ሜትሩን በ90 ብር ገዛሁ።

ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ይህን ነገር ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ከጫካ ሲመለስ ነው ይባላል። በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን ፍሬ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ጫፉ መንጠቆ ነበረ። እኛ ጭጎጎት እንደምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ሻካራው በኩል መንጠቆ ነው፣ ለስላሳው በኩል ደግሞ የክር ቀለበት። ይህን ካወቁ ጥሩውም መጥፎውም ጠባዩ ይገባል።

ጥሩው፦ ወደ ጎን ሲጎተት በጣም ይይዛል። ሁሉም መንጠቆ አንድ ላይ ስለሚሠራ ነው። መጥፎው፦ ከጫፉ ቀና ካደረጉት አንድ ረድፍ አንድ ረድፍ እያለ በቀላሉ ይላጣል። አባዬ ሲቀመጡ ሆዳቸው እጥፍ ይላል። እጥፉ የክንፉን የላይ ጫፍ ከሥር ይገፋዋል፣ ቬልክሮውም ከዚያ መላጥ ይጀምራል። የረዳው ሁለት ነገር ነው። ሻካራውን ከክንፉ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቼ ሰፋሁት፤ ጫፉ ባዶ ጨርቅ ሲሆን ግፊቱን እሱ ይቀበላል። በየጎኑም ክንፉን ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ የታችኛው ወደ ላይ ሰያፍ ተጎትቶ የጭኑን ዙሪያ ይይዛል። ከዚያ የላይኛው ወደ ታች ሰያፍ ሆኖ ወገቡን ይይዛል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ በጭን በኩል ክፍተት ይቀራል፣ ሽንቱም በዚያ ይወጣል።

አሰፋፉ፦ የእግር ሲንጀሬ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚሰፋው፣ ዚግዛግ የለውም። መርፌ ቁጥር 16 አደረግሁ። ዙሪያውን በአራት ማዕዘን፣ ከዚያ በመሃል መስቀለኛ። ክሩ ፖሊስተር ነው፤ ጥጥ ክር በረኪና ቶሎ ይበላዋል። የሻካራውን አራት ማዕዘን ጫፎች በመቀስ ክብ አደረግኋቸው። የሾለ ጥግ ካለው ጭን ይቧጭራል።

ከታጠበ በኋላ ያየሁት ደግሞ ይህ ነው። ሻካራው ክፍት ሆኖ ከፎጣው ጋር ሲታጠብ የፎጣውን ክር በሙሉ ሰብስቦ ይወጣል። መንጠቆው በክር ሲሞላ አይይዝም። ከክንፉ ሥር ትንሽ የለስላሳ ቁራጭ ጨመርኩ። ከማጠባችን በፊት ሻካራው ወደኋላ ታጥፎ እዚያ ላይ ይዘጋል። የሞላውን በመርፌ ጫፍና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት። ጊዜ ይወስዳል ግን ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም፤ ድምፁ። ሲላጥ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ በመጡበት ሰዓት ልለውጣቸው ስል አባዬ ግራ እጃቸውን ክንፉ ላይ ጫን አድርገው ያዙ። አልለቀቁም። እንግዳ እስኪሄድ ረጥበው ቆዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅ የሌለው ማያያዣም እፈልጋለሁ። ከማንጠባጠቡ እኩል ነው የማየው።

ሰኔ መጨረሻ፦ ዝናቡ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥልባታል። ከሰኔ ወዲህ ያለውን እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ገመድ ላይ የዋለ ፎጣ ማታም እርጥብ ነው። የቀረውን እርጥበት በከሰል ካውያ ነው የምናደርቀው። ካውያው ግን ቬልክሮ አይወድም። መንጠቆው ናይለን ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ይተኛል። ተኝቶ የቀረ መንጠቆ ደግሞ ከእንግዲህ አይይዝም። ሁለት ክንፍ እንዲህ ተበላሸ። ውሃ የማያሳልፈው ሽፋንም በሙቀት መሰነጣጠቅ ጀመረ።

እስካሁን ውስጡና ላዩ አንድ ላይ የተሰፋ ነበር። ለየሁት። ላዩ አሁን እንደ ፓንት ብቻውን ነው፤ ማያያዣ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ውስጡ ረጅም አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ምንም ነገር የለበትም። ውስጡ ይቀቀላል፣ በረኪና ይገባዋል፣ ካውያ ይሄድበታል። ላዩ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ሲራገፍ ቶሎ ይደርቃል።

በዚህ የማያያዣው ቁጥር በጣም ወረደ። በፊት ለእያንዳንዱ ጨርቅ ክንፍና ቬልክሮ መስፋት ነበረብኝ። አሁን አራት ላይ ጨርቅ ካለ ውስጡ የፈለገውን ያህል ሊበዛ ይችላል። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ይህን ነው፦ ስለ ማያያዣው ከማሰብ በፊት ውስጡንና ላዩን ለዩ።

ሐምሌ፦ ስናፕ

ድምፅ የሌለው ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት ቸክ ብሎ የሚገጥመውን ቁልፍ ነው፤ ስናፕ የሚሉት። ብረቱን ቦርሳና ጫማ የሚጠግኑ ሰዎች በመዶሻ ይመቱታል። አንዱን 10 ብር አስመታሁ። ከመመታቱ በፊት ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት አስጠጋሁበት። ማግኔት በደንብ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፣ በሽንትና በበረኪና ይዝጋል፤ ዝገቱ ከነጭ ጨርቅ አይለቅም። ያልሳበውን መረጥኩ። ሆኖም አገጣጠሙ በጣም ጥብቅ ነበር። ሲከፈት ቁልፉ ሳይሆን ጨርቁ ተቀደደ።

የፕላስቲኩን ዘመድ ከአዲስ አበባ መርካቶ ላከልኝ። ከመጫኛ ፒንሳው ጋር 1,800 ብር ወጣበት። እስካሁን ትልቁ ወጪ ይህ ነው። ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በወስፌ ትበሳለህ፣ እግሩን ታሳልፋለህ፣ ወንዴውን ወይ ሴቴውን ታደርግበታለህ፣ በፒንሳው ትጫናለህ። ከኋላው ሁለት እጥፍ አቡጀዲ ካልተደረገ ቀዳዳው ይሰፋል። በየክንፉ አንድ ብቻ ከሆነ ክንፉ ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ ሁለት መሆን አለበት። አባዬ ከስተው ስለነበር ፊት ለፊት በ2.5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ረድፍ አድርጌ መታሁ። ሲወፍሩም ሲቀጥኑም ይሆናል።

ሥራው ንጹሕ ነው። በጨለማም በዳበሳ ይገኛል። እኔ ወደድኩት።

አክስቴ ግን አልቻሉም። ስናፕ ለመግጠም በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ይፈልጋል። ከሥር ደግሞ ያለው ሆድ ነው። ሆድ ላይ መጫን አባዬን ያሳምማቸዋል፣ ሽንትም ያመጣል። ከሥር ጣት አስገብቶ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ነው ዘዴው፤ የአክስቴ ጣት ደግሞ ለዚያ አቅም የለውም። «አንቺ ስለቻልሽው ሁሉም ይችለዋል ማለት አይደለም» አሉ። አልተከራከርኩም። ሌሊቱን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

ስናፑን ግን አልጣልኩትም። ውስጠኛው ጨርቅ ሌሊት ሲገላበጡ እየተጠቀለለ ወደ አንድ ወገን ይሄድ ነበር። ፊትና ኋላ ጫፉ ላይ አንድ አንድ ስናፕ አድርጌ ከላዩ ጋር አያያዝኩት። ይህ የሚገጠመው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ገላ ላይ አይደለም። ስለዚህ የፈለገውን ያህል መጫን ይቻላል። ጨርቁ መጠቅለሉን አቆመ። ካውያ ሲደረግ የስናፑን ጫፍ መዝለል ግን ግድ ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል።

ሐምሌ አጋማሽ፦ የግራ እጅ

የወንድሜ ሚስት ከሰዓት በኋላ ቬልክሮው ተፈቶ እንዳገኘችው ነገረችኝ። ደክሞ ይሆናል ብላ ነበር። ሄጄ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። በማግስቱም እንዲሁ ተፈታ። በሦስተኛው ከበሩ አጠገብ ሆና አየቻቸው። አባዬ ራሳቸው ናቸው። በግራ እጃቸው ክንፉን ልጠው፣ ከአልጋው ጎን ወዳለው መሽኛ ፕላስቲክ እጃቸውን ይሰዱ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ በግራ እጃቸው የሚችሉትን ሁሉ ራሳቸው ያድርጉ ብሎን ነበር። እኛ ማንኪያና ብርጭቆ ብቻ መስሎን ነበር። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ማያያዣውን የምመርጠው ለሚያለብሰው ሰው ነበር። የለበሱት እሳቸው ናቸው። መክፈት ከቻሉ ቀን ቀን ጨርቁ የሚያስፈልገው ለመጠባበቂያ ብቻ ይሆናል።

የቀኑን ላይ ጨርቅ እንደገና ሰፋሁት። በቀኝ በኩል ክንፉ በቋሚነት ተሰፋ፤ እዚያ የሚከፈት ነገር የለም። በግራ በኩል አንድ ሰፊ ቬልክሮ ብቻ አለ። ጫፉ ላይ ጣት የሚያስገባ የጥብጣብ ጆሮ አደረግሁበት። ጆሮውን ስበው ከጫፉ ሲያነሱት ይላጣል። ያ ስቸገርበት የነበረው በቀላሉ የመላጥ ጠባዩ እዚህ ጠቀመ። ፕላስቲኩን ደግሞ ከግራ ትራሳቸው አጠገብ በገመድ አንጠለጠልነው።

ድምፁስ? ያው ነው። ግን አባዬ አሁን አይከፉበትም። እሳቸው ሲከፍቱት እኛ ከክፍሉ እንወጣለን፣ በሩን እንዘጋለን። ሁልጊዜ አይደርሱበትም። ሲደርሱ ግን ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል፤ እጥበቱም ቀንሷል።

ነሐሴ፦ የሌሊቱ

ለአክስቴ እጅ የሚሆን እየፈለግኩ ነበር። የካፖርት ቁልፍ ላይ ደረስኩ፤ ትልቁ፣ 28 ሚሊ ሜትር የሆነው። አንዱ 10 ብር ነው። ቀዳዳ ግን አልሠራሁለትም። በእኔ መኪና የቁልፍ ቀዳዳ አይሰፋም፤ በእጅ ደግሞ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ቁልፍን በጠባብ ቀዳዳ ማሳለፍም ለቁርጥማት ጣት ያው ፈተና ነው። በቀዳዳው ፋንታ ከክንፉ ጫፍ የላስቲክ ቀለበት አወጣሁ። ቀለበቱን በአንድ ጣት ስቦ ቁልፉ ላይ ማጥለቅ ነው። ጫን ማድረግ የለም። ድምፅ የለውም። በጨለማም ትልቁ ቁልፍ በእጅ ይገኛል። ላስቲኩ ስለሚሳብ በሚገላበጡበት ጊዜ ክንፉ አብሮ ላላ ይላል።

ቁልፉን ስሰፋ ከሥሩ ክብሪት እንጨት አስገብቼ ነው። እንጨቱ ሲወጣ ክሩ አንገት ይሠራል፣ ቀለበቱም ይቀመጥበታል። ክሩን አንገቱ ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኩት። ከኋላ ደግሞ ትንሽ የጨርቅ ድጋፍ አለ፤ አለዚያ ውሃ የማያሳልፈውን ጨርቅ ክሩ ይቀደዋል።

መጀመሪያ ቀጭኑን ክብ ላስቲክ ሞከርኩ። ቆዳ ላይ ሲያርፍ መስመር ይሠራል። ጠፍጣፋውን፣ 1 ሳንቲ ሜትሩን ወሰድኩና በአቡጀዲ ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ምልክት አላየንም። አክስቴ የመጀመሪያውን ሌሊት ካደሩበት በኋላ «ይኼ ይሁን» ብቻ አሉ።

ላስቲኩ ዕድሜው አጭር ነው። በረኪና ያደርቀዋል፣ ፀሐይም እንዲሁ። ላይ ጨርቁ በረኪና ስለማይገባ ይቆያል ብዬ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ አሁን ላላ ብለዋል። ቀለበቱን ከክንፉ ጋር አብሬ ስለሰፋሁት ለመለወጥ የክንፉን ጠርዝ መፍታት ይጠይቃል። በሚቀጥሉት ላይ ቀለበቱን ከክንፉ ውጭ በትንሽ ቁራጭ ላይ ሰፍቼ አደርገዋለሁ፤ ሁለት መስመር ፈትቶ መለወጥ እንዲቻል።

ነሐሴ መጨረሻ፦ አሁን ያለው

ቀን፦ ባለ ጆሮ ቬልክሮ፣ ሁለት ላይ ጨርቅ። ሌሊት፦ ባለ ቁልፍና ላስቲክ፣ ሦስት ላይ ጨርቅ። እንግዳ ባለበት ቀንም የሌሊቱን እናደርጋለን። ለውስጡ ስናፕ። የሚጣለውን ዳይፐር ለሐኪም ቀጠሮ ስንወጣ ብቻ እንገዛለን።

የፒንሳው 1,800 ብር ከሌለ ወጪው ትንሽ ነው። ሁለት ላይ ጨርቅ ለመሥራት ቬልክሮ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክና ክር ተደምሮ 250 ብር አይሞላም፤ ጃኬቱን ሳይጨምር። ፒንሳውን አሁን የምገዛ ቢሆን አልገዛውም ነበር፤ ለውስጡ ጨርቅ መደበኛ ቁልፍና የጥብጣብ ቀለበት ይበቃል። ፒንሳ ያለው ሰው ግን ይጠቀምበት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠፍጣፋ ላስቲክ አምስት ሜትርና አንድ ተጨማሪ የዝናብ ጃኬት እገዛለሁ። የጃኬቱ ውስጠኛ ሽፋን እንዳይላጥ ከመግዛቴ በፊት በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አየዋለሁ። ዚፑን ፈትቼ አስቀምጠዋለሁ፤ የወንድሜ ሚስት ለአባዬ ጎኑ በዚፕ የሚከፈት ሱሪ ልንሰፋላቸው ይገባል ብላለች፤ ልክ ነች።